ማጌዮች በሰም የተለጎሙበት ዓመት

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነገር ከራሴ ከጨመርኩ የገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ኢሲድሮ ሁለት በሬዎች ሆዴን አርሰው አሜከላ ይዝሩበት። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን መሐላ ሲሰሙ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፤ አልፈርድባቸውም። ስሜ ናቦር ነው፤ መንደሩ የሚጠራኝ ግን ትላኩዋቼ ብሎ ነው። ትላኩዋቼ ከማጌይ ልብ ጣፋጩን ውሃ እየሰረቀ የሚጠጣ፣ ሲይዙት ደግሞ የሞተ መስሎ የሚዋሽ ባለ ራቁት ጅራት አውሬ ነው። ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ሦስቱን አንደኛ ክፍል። ስለዚህ አንደኛ ክፍልን በተመለከተ በአገራችን በአፓን ሜዳ የሚከራከረኝ የለም።

ነገሩ ስለ ቅጠል አፍ ነው። አንድ የተማረ ሰው ቅጠል አፍ እንዳለው አወቀ፤ አፍ ምን እንደሚሠራ ግን ሳይጠይቅ ሊዘጋው ተነሣ። ይኸው ነው።

ማጌይ የቃጫ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሾለ፣ ሰው የሚያክል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆሞ ይጠብቃችኋል። አበባውን ሊሰድ ሲል ልቡን ቆርጣችሁ ታወጡታላችሁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ማር ውሃ፣ ባጭሩ ማር የምንለው ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ጠዋትና ማታ ጉድጓዱን በመፋቂያ እየፋቃችሁ፣ ማሩን በረጅም ቅል እየመጠጣችሁ ትቀዳላችሁ። ማሩ እንደ ጠላ ሲፈላ ፑልኬ የሚባል አስካሪ መጠጥ ይሆናል። ማጌዩ ለጥቂት ወራት ይሰጣችሁና ይሞታል። አንድ ማጌይ በዕድሜው የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። ያቺን አንዴ ያበላሸ ሰው ዐሥራ ሁለት ዓመት አበላሸ ማለት ነው።

በዚያ ድርቅ ዓመት ዶን ኤሊሂዮ አርባ ማጌይ ደርሶላቸው ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባዎቹን የተከሉት ከሟች ሚስታቸው ጋር ነው፤ እሳቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ እሷ ችግኙን ታቆም ነበር። ሴትዮዋ ከማጌዮቹ ቀድማ ሄደች። ሽማግሌው ሌላ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደሌላቸው ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን፤ አርባዎቹም ሳያውቁ አልቀሩም።

እንግዲህ ሊቁ መጣ።

ኢንጂነር አቤላርዶ የዶን ፋኩንዶ የእህት ልጅ ነው። ዶን ፋኩንዶ የመሬት ኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ነው፤ በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ፊቱ የለም። በዚያ ዓመት ደግሞ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ደጋሽ እሱ ነበር። ደጋሽ ማለት መንደሩንም፣ ከኮረብታው ማዶ የሚመጡትን የሳንታ ክሩስ እንግዶችንም አብልቶ አጠጥቶ የሚሸኝ ማለት ነው። ዝናብ ጠፍቶ ማሩ ሲቀንስ ዶን ፋኩንዶ እንቅልፍ አጣና ለእህቱ ልጅ ላከበት። ልጁም በጭነት መኪና ላይ፣ ማይክሮስኮፕ የያዘ ሣጥን እንደ ታቦት ታቅፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ደረሰ።

በነጋታው እኩለ ቀን ላይ በኮሚቴው ግቢ፣ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ከማጌይ ቅጠል ላይ በምላጭ ቀጭን ልጣጭ አነሣና በመስታወቱ ሥር አደረገ።

«ቅጠል አፍ አለው፤ በዓይን የማይታይ፣ በሺህ የሚቆጠር አፍ» አለ። «ውሃችሁ የሚጠፋው በዚህ ነው። ፀሐይ ሲመታው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ውሃውም እንደ እንፋሎት ይወጣል። ኑ፣ እዩ።»

መጀመሪያ ዶን ፋኩንዶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። በኋላ እንደ ነገረን ያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነበር፤ ግን «ድንቅ ነው» አለ። ከዚያ ተራው ለእኔ ደረሰኝ። እኔ ማየት እችላለሁ፤ ሙያዬ ማየት ነው።

«አፎቹ አሉ፣ ኢንጂነር» አልኩት። «ግን ሁሉም ተዘግተዋል። ልክ ገንዘብ ሲጠየቁ እንደ አጎትዎ።»

ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ ገፋ አድርጎኝ አየ። አንገቱ ቀላ። ሌላ ልጣጭ አነሣ፤ ያም ተዘግቷል። ሦስተኛውም። ከቦርሳው መጽሐፍ አውጥቶ ገለጠ፤ መጽሐፉ ላይ አፎቹ በቀን ተከፍተው ተስለዋል። በትከሻው ተሻግሬ ሳይ ሥዕሉ የበቆሎ ነው። ለበቆሎ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ማጌይ ለማከም መምጣት፣ የበሬ ሐኪም ጠርታችሁ ጥርሳችሁን እንዲነቅል እንደ ማድረግ ነው።

«ታመዋል መሰለኝ» አለ።

ዶን ኤሊሂዮ ከኋላ ግንዱን ተደግፈው ቆመው ነበር። «አልታመሙም፣ ልጄ» አሉ። «በዚህ ፀሐይ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ ማን ነው? ማጌይ ቀን ይዘጋል፣ ሌሊት ይከፍታል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ምላሴ። ጎሕ ሲቀድ ቅጠሉን ቆርጠህ በምላስህ ጫፍ ንካው፤ ይኮመጥጣል። ማታ ስትነካው ደግሞ ኮምጣጣነቱ የለም። ሌሊቱን ከነፋሱ የሆነ ነገር ሲጎርስ ያድራል፤ ቀን አፉን ዘግቶ ያኝከዋል። ከዚያ ነው ማሩ።»

ኢንጂነሩ የተማረ ሰው የሚስቀውን ሳቅ ሳቀ፤ ያ በአፍንጫ የሚሳቀውን። «አባባ፣ ቅጠል ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ የሚጠቀምበትም በፀሐይ ብርሃን ነው። ሌሊት ፀሐይ የለም። ፀሐይ ከሌለ ሥራ የለም። ሥራ ሳይኖረው አፉን ከፍቶ የሚያድር ምን እያደረገ ነው? ውሃ እያባከነ!» ወደ አጎቱ ዞረ። «መፍትሔው ቀላል ነው። እንዘጋዋለን። ሰም እንቀባዋለን። ውሃው ውስጡ ይቀራል፤ ማሩ እጥፍ ይሆናል። ራሳችሁስ ትሉ የለ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ቂጣም አይገባም» አሉ ዶን ኤሊሂዮ።

ኢንጂነሩ መልስ እንደማያስፈልገው ሰው ሣጥኑን ዘጋ።

ዶን ፋኩንዶ ግን «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተነገረ ነገር ጆሮው ውስጥ አልገባም። እዚያው ውሳኔ አስተላለፈ። የእሱ አርባ ማጌዮች ሰም ይቀባሉ፤ የዶን ኤሊሂዮ አርባ እንዳሉ ይቆያሉ። ከበዓሉ ስምንት ቀን ቀድሞ የሁለቱም የአንድ ቀን ማር ይለካል። የተቀቡት ከበለጡ፣ በዓሉ ባለፈ ሰኞ የመንደሩ ማጌይ ሁሉ ይቀባል፤ መጀመሪያ የሚቀቡትም የዶን ኤሊሂዮ ናቸው። መሬቱ የጋራ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ያለው ይሆናል።

«አበልጄ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ፤ የዶን ፋኩንዶን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሡ እሳቸው ናቸው። «እነዚያን አርባ ካፈንክብኝ ሌላ የለኝም።»

«አበልጄ፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አለ ዶን ፋኩንዶ። የገዛ ሽፋሽፍቱን አይቶ የመጣ ሰው።

ቀቢ ሆኜ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። ለምን እኔ? ስለ ማጌይ ቆዳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው፤ ለምን እንደማውቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። በማጌይ ቅጠል ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ የሆነ ቆዳ አለ። ሥጋ በቃሪያ ታሽቶ በዚያ ይጠቀለልና በእንፋሎት ይበስላል፤ ያለዚያ ቆዳ ድግስ የለም። ቆዳውን የምገፈው ከራሴ ማጌይ ነው ብዬ አልምልም፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ምያለሁ፣ ይበቃኛል። ግን ይህን አውቃለሁ፦ የተገፈፈ ቅጠል በሦስት ቀን እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይደርቃል። ስለዚህ ነው ሲይዙን የሚደበድቡን። ቆዳ ውሃ ይጠብቃል። ቆዳው ላይ ያለው አፍ ደግሞ ቀለብ ያስገባል። ቆዳ የሌለው ይደርቃል፣ አፍ የሌለው ይራባል። ይህን ለማወቅ አንደኛ ክፍልን ሦስቴ መማር ይበቃል።

ሻማ ከሚባረክበት በዓል የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን ሻማ ቁርጥራጭ ሰብስበን ከአሳማ ጮማ ጋር አቀለጥነው። በጾሙ መግቢያ ሳምንት በጨርቅ እያጠቀስኩ ቀባሁ፤ ቅጠሉን በፊትም በጀርባም። ኢንጂነሩ ኮቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ «እዚህ ጋ አልነካህም» ይለኛል። ጠዋት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይነካል፤ በተናገረ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

«ኢንጂነር» አልኩት፣ «ከአፍዎ ውሃ እየባከነ ነው። ትንሽ ሰም ላድርግልዎት?»

«ሥራህን ሥራ።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። በዚሁ ከቀጠሉ እስከ ፋሲካ ይደርቃሉ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ከርቀት ይከተለኝ ጀመር፤ አፉንም በሻርፕ ሸፈነ። ያኔም ቢሆን አፍንጫውን ክፍት እንዳደረገ ልብ አላለም።

ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው አንድ ንጋት ዶን ኤሊሂዮ ቅላቸውን በትከሻ አድርገው ሲያልፉ ጠሩኝ። ቢላቸውን አውጥተው ከራሳቸው ማጌይ ጥቂት ቆረጡ። «በምላስህ ጫፍ ብቻ» አሉኝ። ነካሁት። እንደ ሎሚ። ከዚያ ድንበሩን ተሻገርንና ከዶን ፋኩንዶ ቅጠል ሰሙን ፍቀው ቆረጡልኝ። ምንም። ጭድ የላሰች ላም ከዚህ የተሻለ ጣዕም ታገኛለች።

«ጦሙን እያደረ ነው» አሉ። «ሌሊት ሙሉ አፉን ታፍኖ። ቄሱ እንኳ ማጌይ ይጹም አላሉም።»

እኔ ግን አንድ ጊዜ በመንካት የምጠግብ ሰው አይደለሁምና እርግጠኛ ለመሆን ቁራጩን ጎርሼ አኘክሁት። የማጌይ ቅጠል ጥሬውን እንደማይታኘክ ሕፃን ያውቃል። አፌ ነደደ፤ ምላሴ አብጦ እስከ ማታ የእኔ መሆኑ ቀረ። መንደሩ አንድ ሰላማዊ ቀን አሳለፈ፤ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ከበዓሉ ስምንት ቀን ሲቀረው ልኬቱ ተደረገ። ማሩ በእንስራ ተቀድቶ በአህያ ተጭኖ መጣ። የዶን ኤሊሂዮ አርባ ዐሥር እንስራ ሆነ። የተቀቡት አርባ ዐሥራ አራት።

ዐሥራ አራት። ሐሰት አልናገርም፤ ውሃው በእርግጥ ውስጡ ቀርቶ ነበር።

ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ። ዶን ፋኩንዶ የእህቱን ልጅ አቅፎ ጀርባውን ደበደበ። ዶን ኤሊሂዮ ወደ እንስራዎቹ ተራመዱ። «ልቅመሰው» አሉ።

«አበልጄ፣ ስምምነታችን በእንስራ ነው እንጂ በምላስ አይደለም» አለ ዶን ፋኩንዶ። «ሰኞ ናቦር ሰሙን ይዞ ይመጣል። ቂም አትያዙበት።»

ሽማግሌው ከእንስራዎቹ ተመለሱ። መፋቂያቸውን ከቀበቷቸው አውጥተው አዩት፤ መልሰው ሻጡት። በበኩሌ ሰው ሁሉ ሲያይ የነበረው የተሳሳተ ነገር ነው። መታየት የነበረበት አህያው ነው። አህያው ፓትሪሲዮ ይባላል፤ በአውራጃው የታወቀ ሰካራም ነው፤ የእንስራ ጠርዝ ሳይልስ ጭነት አይሸከምም። የዶን ኤሊሂዮን እንስራ ላሰ፤ ከንፈሩን ገለበጠ፣ አገሳ። የተቀባውን እንስራ አሸተተ። አሸተተና ፊቱን አዙሮ ግድግዳ ማየት መረጠ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ትክክለኛ ፍርድ የሰጠ እሱ ብቻ ነው፤ ደግሞ የኮሚቴ አባል አልነበረም።

ማሩ በዶን ፋኩንዶ ቤት በጋን ተጨምሮ፣ በላዩ የአሮጌ ፑልኬ እርሾ ጣል ተደርጎበት ለበዓሉ ተከደነ። የዶን ፋኩንዶ ሚስት ዶኛ ኤውላሊያ የድግሱ ሁሉ እመቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሊቀ መንበር የሚሆነው ከጓዳው ደጃፍ ወዲህ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ቆዳ ላስረክባቸው ስሄድ ጋኑ ላይ ጆሮዬን እንዳደርግ አዘዙኝ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ዶኛ ኤውላሊያ።»

«እኔም የሰማሁት እሱን ነው» አሉ። «ፑልኬ ይንሾካሾካል። ይሄ እንደ ባሌ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ውስጡ ዝም።» ከዚያ ያመጣሁትን ቆዳ በጣታቸው አሹት። «ይሄስ ለምን ያንሸራትታል?»

«ጥሩ ቆዳ ስለሆነ ነዋ።»

ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁኝም። ቅርብ ስለነበረ ከባለቤታቸው ማጌይ ገፍፌው ነበር።

በዓሉ ደረሰ። የሳንታ ክሩስ ሰዎች በስድስት ጋሪ መጡ፤ ሽማግሎቻቸው የክት ባርኔጣ አድርገዋል። የቅዱስ ኢሲድሮ ምስል ከነበሬዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እርሻውን ዞረና በቃሬዛው ላይ ከቁንዶ በርበሬው ሥር ተቀመጠ። ጥቅልል ሥጋው ታደለ። አንድ የሳንታ ክሩስ ሽማግሌ ጥቅሉን ፈታ፣ አሸተተ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምነው?» አለው ዶን ፋኩንዶ።

«አባቴን የቀበርን ዕለት የሸተተኝ ነው» አለ ሰውዬው። ሥጋው ሁሉ ሻማ ሻማ ይል ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ ንስሐ ያለበት ምግብ በልቼ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

ከዚያ ፑልኬው ተቀዳ። አንድ ቅል፣ ሁለት ቅል፣ አምስት ቅል። የጠጣ ሁሉ ሽንት ቤት ሄዶ ይመለሳል እንጂ የሚሆን ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ መንደሩ በሙሉ፣ እንግዳውም ጭምር፣ እንደ መስታወት የጠራ አእምሮ ነበረው። እንዲህ ያለ መከራ ታይቶ አይታወቅም። የመንደራችን የሙዚቃ ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰክር ተጫወተ፤ እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንሰክር ሰማነው፤ ሃያ ዓመት ሲያታልሉን እንደኖሩ ያን ቀን ገባን። ያልሰከሩ እንግዶች ደግሞ ማስታወስ ጀመሩ። የሳንታ ክሩስ ሰዎች በመጀመሪያ አንድ የጠፋች ጥጃ አስታወሱ፤ ቀጥለው የምንጩን ውሃ ድንበር አስታወሱ። አንዱ ለመሄድ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። እንግዳ ባርኔጣውን ካደረገ ደጋሹ አለቀለት።

ዶን ፋኩንዶ የእህቱን ልጅ በክርኑ ጎሸመው። «አንድ ነገር አድርግ።»

ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተነሥቶ ሰከረ። እርግጥ አልሰከረም፤ ሰከርኩ አለ። አንድ ቅል በቁሙ ጨለጠና ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ ወደ ቀኝ ተንገዳገደ፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ግን ሱሪው እንዳይነካ ቀጥ ብሎ አለፈና ከጠረጴዛው ማዶ እንደገና ተንገዳገደ። «ኃይለኛ ነው!» አለ። «እኔስ ምድርም አልታየኝ! ወዳጆቼ፣ ይሄ የሳይንስ ፑልኬ ነው፤ ቀስ እያላችሁ!» እንደ ሰካራም እየዘፈነ እንደ ጸሐፊ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ይናገራል።

የሳንታ ክሩሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለአፍታ፣ ትንሽ ያመኑት መሰለኝ። ዶን ፋኩንዶ ላቡን ጠረገ። ዶን ኤሊሂዮን አየኋቸው፤ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ይህ ድግስ እንዲህ ተድበስብሶ ካለፈ ሰኞ ይነጋል፤ ሰኞ ከነጋ ሰሙን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።

ዶኛ ኤውላሊያ ከጓዳ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ።

«ልጁማ ሰክሯል» አሉ፣ በጣም በርኅራኄ። «እንግዲያው ጊንጡን ይጣልልን።»

የእኛ ሰው ቅሉን ሲጨርስ አተላዋን መሬት ላይ ይረጫታል። ፑልኬው ፑልኬ ከሆነ፣ ዝልግልግነቱ አተላውን አያስበትነውም፤ አፈሩ ላይ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የታጠፈ ጊንጥ ሆኖ ይቀመጣል። አያቶቻችን የቀመሱትን ሁሉ የፈረዱት በዚህ ነው። ለዚህ የተጻፈ መጽሐፍ የለም፤ ስለዚህ ኢንጂነሩ አያውቀውም።

«በደስታ፣ አክስቴ» አለና ረጨው።

ቷ አለ። አህያ ድንጋይ ላይ ሲሸና እንደሚለው። በአራቱም ማዕዘን ተበተነ፣ አፈሩም ጠጣው፤ ቅዱስ ኢሲድሮ ዓይኑን ሳይጨፍን ቦታው ደረቀ።

«እርጥበት ሳይሆን አይቀርም፣ አፈሩ...» አለ ኢንጂነሩ።

«አበልጄ» አሉ ዶኛ ኤውላሊያ ወደ ዶን ኤሊሂዮ ዞረው፣ «የእርስዎን አምጡልን።»

ሽማግሌው ከቃሬዛው ኋላ በሰሌን የተሸፈነች አንዲት እንስራ አወጡ። በሚስታቸው ስም ለቅዱሱ ያቀረቧት ናት። ለሳንታ ክሩሱ ሽማግሌ አንድ ቅል ቀዱለት። ሰውዬው ጠጣ። ቅሉን አላወረደም። ሲጨርስ ዓይኑ ተንከባለለ፤ የጥጃዋን ነገር የረሳው እዚያው እያየነው ነው። አተላውን ረጨ።

ጊንጥ ሆነ። ሆድ፣ ወገብ፣ ጅራት፣ ከጅራቱ ጫፍ ላይ መርዙ ሳይቀር። ከዚህ በኋላ የማወራውን የማያምን ሳንታ ክሩስ ሄዶ ይጠይቅ፦ ጊንጡ ጅራቱን አነሣ። ሦስት እርምጃ ወደ ኢንጂነሩ ተራመደ። ያ ሰካራም በአንድ ዝላይ የቅዱሱ ቃሬዛ ላይ ወጥቶ አንዱን በሬ በቀንዱ ያዘ፤ ምድር ያልታየው ሰው።

«ሰካራሙ እንዴት ይዘላል!» አለ አንዱ የባንዱ ሰው፣ ከዚያ ሳቁ ገነፈለ። የሳንታ ክሩሶች ባርኔጣቸውን አወለቁና ተራ ያዙ። አንዲት እንስራ ለዚያ ሁሉ ሰው አትበቃም፤ ዶን ኤሊሂዮ ከቤታቸው ዘጠኝ አስመጡ። ዐሥራ አራት እንስራ ያላሰከረውን ሰው ዐሥር እንስራ መሬት ላይ ደረደረው።

ዶን ፋኩንዶ ወንበሩ ላይ እያነሰ ሄደ። ሚስቱ ከጀርባው ቆሙ።

«ሰኞ የሚቀባው ማነው ያልከው?»

«ማንም» አለ።

«አልሰማንህም። ለዐሥራ አራት እንስራ ስትፈርድ ጮክ ብለህ ነበር።»

«ማንም አይቀባም!» አለ ዶን ፋኩንዶ፤ እንግዳውም ሁሉ ሰማ። ዶን ኤሊሂዮ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ለእኔም አንድ ቅል ቀዱልኝ።

ሰኞ ከሰሙ ጋር መታገሌ አልቀረም፤ ግን ላስለቅቀው ነው። በሞቀ የአመድ ውሃና በጨርቅ፣ የዶን ፋኩንዶን አርባ ማጌዮች ቅጠል በቅጠል አጠብኩ፤ ለኃጢአቴ ቅጣት ነው አሉኝ፣ የትኛው ኃጢአት እንደሆነ ሳይነግሩኝ። ጥቂቶቹ በሳምንቱ ጎሕ ሲቀድ መኮምጠጥ ጀመሩ። የቀሩት ዝናቡን ሳያዩ ሞቱ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጨርቅ። የዶን ኤሊሂዮ ግን ክረምቱ ሲገባም ይሰጡ ነበር። ከሥራቸው የበቀሉትን ችግኞች ሽማግሌው ነቅለው አርባ ቆጥረው ለዶን ፋኩንዶ ወሰዱለት። «አበልጄ፣ እነዚህን አትለጉማቸው» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ይህ ከስድብ የከፋ ነው፤ ስድብ ቢሆን ዶን ፋኩንዶ መልስ ነበረው።

ኢንጂነሩ ሣጥኑን ታቅፎ በመጣበት መኪና ሄደ። አሁን አንድ ዛፍ በሌለበት ከተማ ስለ ቅጠል ያስተምራል አሉ፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ ምክንያቱም የሚያስተባብለው ቅጠል በአቅራቢያው የለም።

እንግዲህ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ጊንጡም ተራምዷል። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁና በሬዎቹ ለእሷ አንድ ትልም ቢያወጡብኝ አይከፋኝም። የአህያው ስም ፓትሪሲዮ አልነበረም። ፓትሪሲዮ የእህቴ ባል ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ ዐሥራ አራቱንም እንስራ ይጠጣው ነበር፤ አህያው ግን ሲያሸት ዐወቀ።